የኦቦ ደሬሳ ጉርሻ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ኦቦ ደሬሳ መሞታቸውን የሰማሁ ዕለት መጀመሪያ የታየኝ ፊታቸው አይደለም፤ ጣታቸው ነው። አምስቱም ጣት፣ ከነቅቤው። የደወለልኝ የሩጫ ማኅበራችን ጸሐፊ ተስፋዬ ነበር። «ትሁኔ፣ አባታችን እኮ አረፉ!» አለና ለቅሶውን ለቀቀው። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ በግራ እጄ ስልክ፣ በቀኝ እጄ ክዳኑ የላላ የሰገራ ዕቃ ይዣለሁ። «ነፍስ ይማር» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ጓንቴን አወለቅሁና፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አፌን ደጋግሜ ጠረግሁ።

ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም ይባላል። እሳቸውን ግን በሕይወት እያሉም ነቀምት ሙሉ ያመሰግናቸው ነበር። የማላመሰግናቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዛሬም አፌን ሞልቼ አላመሰግናቸውም። ልርሳቸው ብል ደግሞ አልቻልኩም፤ በሥጋ ቤት በር ባለፍኩ ቁጥር ይመጡብኛል።

እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ነቀምት ያመጣኝ ሥራ ነው፤ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሰው ከሆዱ ያወጣውን ሳይ እውላለሁ። ማን እጁን ሳይታጠብ ምን እንደዋጠ ከባለቤቱ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ቅዳሜና እሁድ አየር ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ የሩጫው ማኅበር ውስጥ ገባሁ። ማኅበር ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አስተማሪ፣ ነርስ፣ ነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በጠቅላላ አንድ ሚኒባስ ሰው ነው። ጠዋት ተሳፍረን ወደ አንዱ የወለጋ ከተማ እንሄዳለን፤ ደረታችን ላይ ቁጥር በመርፌ ቁልፍ ሰክተን አስፋልቱን እንሮጣለን፤ ከዚያ ምሳ በልተን እንመለሳለን። መንገዱ ሰላም ሲሆን ጊምቢ፣ አርጆ፣ ሻምቡ። ወሬው ሲከፋ ጉቴ ድረስ። ሲብስ ደግሞ እዚያው ነቀምት፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ኮብልስቶኑን ዞረን ወደየቤታችን።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ደሬሳ ነበሩ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ቢሮ ሲገቡ ሆዳቸው ነው ቀድሞ የሚገባው። ሲሮጡ አይቻቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ፊሽካ ሲነፋ ከሁሉ ፊት ናቸው፤ ክንዳቸውን ዘርግተው ፎቶ ይነሳሉ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ባጃጅ ትጠብቃቸዋለች። እኛ ምላሳችን ተጎልጉሎ ስንደርስ እሳቸው ሥጋ ቤቱ በር ላይ ቆመው ያጨበጭቡልናል፤ ያውም እያኘኩ። «ሯጭ የሚሮጠው ወደ ምሳ ነው!» ይላሉ። ሰው ሁሉ እንዳዲስ ይስቅላቸዋል።

ሲቀመጡ ቁጥሩን ከደረታቸው ይነቅላሉ። መርፌ ቁልፏን ይከፍቱና በእሷ ጥርሳቸውን ይጎረጉራሉ። ኧረ በማርያም! ጎርጉረው ሲጨርሱ በሱሪያቸው ጠረግ አድርገው ለሚቀጥለው ሳምንት የማኅበሩ ሣጥን ውስጥ ይመልሷታል። ያቺ መርፌ በሚቀጥለው ሳምንት የማን ደረት ላይ እንደምትሰካ ማን ያውቃል? እኔ ያንን ካየሁ ወዲህ የራሴን መርፌ ቁልፍ ከቤት ይዤ መሄድ ጀመርኩ። «ትሁኔ ኩሩ ናት» ተባልኩ። ይባል!

ይኼ ሁሉ ግን ከጉርሻቸው አይብስም። ጣታቸውን አንድ በአንድ ይልሱና በዚያው ጣት የሚቀጥለውን ይጠቀልላሉ። በቀኝ ለተቀመጠው፣ በግራ ለተቀመጠው፣ ለሹፌሩ፣ ለአስተናጋጇ፣ በአጠገባችን ለሚያልፍ ለማያውቁት ሰው ጭምር። ዱለት፣ ምላስ ሰንበር፣ ጥሬ ሥጋ ከነሻኛው፣ በቅቤ የራሰ አንጮቴ፣ የወለጋው ሥራ ሥር። «ኛዹ! ኛዹ!» ይላሉ፤ ብላ፣ ብዪ ማለታቸው ነው። አፍ ካልተከፈተላቸው እጃቸው አይመለስም። ቅቤው በክንዳቸው እየወረደ፣ ጉርሻው ከንፈር ላይ ተለጥፎ ይጠብቃሉ። ጸሎታቸው አጭር፣ ምሳቸው ረጅም፣ ጉርሻቸው ደግሞ ማለቂያ የሌለው ሰው ነበሩ።

እኔ ለማምለጥ ያልፈጠርኩት ምክንያት የለም። በጾም ሰሞን ጾመኛ ነኝ እላለሁ፤ ፍስክ ሲሆን ጥርሴን ያመኛል። «ኦቦሌቲ» ይሉኛል፤ እህቴ ማለት ነው፤ «ኦቦሌቲ፣ ይኼ ጥርስሽ ስንት ዓመት ነው የሚያምሽ? ለምን አይነቀልም?» አንድ ቀን አርጆ ላይ ከምሳ በኋላ ደክሞኝ ሳዛጋ ከጎኔ ደርሰው ጉርሻውን አስገቡልኝ። ዋጥኩት፤ ምን ላድርግ! ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይገባ የራሴን ናሙና ራሴ መረመርኩ። ምን እንዳገኘሁ ይቅር፤ ምግብ ላይ ያላችሁ ትኖራላችሁ።

ደግነታቸውን ግን አልክድም። ከሳቸው ጋር ወጥቶ ጦሙን የተመለሰ ሰው የለም። ሹፌሩን «አንተ ሹፌር ነህ» ብለው ለብቻው አስቀምጠውት አያውቁም፤ ጎናቸው ነው። እኔንም አማርኛ ብቻ ስለማውቅ ጨዋታው እንዳያመልጠኝ ብለው ኦሮምኛውን እየተረጎሙ ያጫውቱኝ ነበር፤ አፋቸው ሙሉ ሆኖ ስለሚተረጉሙ ግማሹ ፊቴ ላይ ነው የሚያርፈው። ደግ ናቸው። ደግ ሰው ግን እጁን አይታጠብም የሚል የት ተጽፏል?

ጫልቱ የምትባለዋን ሯጭ ልጅ ያገኟትም እሳቸው ናቸው። ጉቴ ላይ የሮጥን ቀን ነው። ከገበያ በኩል አንዲት ቀሚስ የለበሰች ልጅ መጣችና፣ እየሳቀች፣ በእኛ ልትቀልድ ብላ አብራን መሮጥ ጀመረች። አልፋን ሄደች። ተስፋዬን አለፈችው፤ እኔን አለፈችኝ፤ ከፊት የነበረውን የስፖርት መምህር አለፈችው። ኦቦ ደሬሳ ባጃጅ ውስጥ ሆነው አዩዋት። «ንዳ! ንዳ! ተከተላት!» ብለው ባለባጃጁን ጮኹበት። በዚያ ዳገት ባጃጇም አልደረሰችባትም።

ልጅቷ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም ነበር። አባቷ «ወይ ሥራ፣ ወይ ትዳር» ብለዋታል። ባሉም ተገኝቷል፤ አንድ ሁለት ልጅ ትታ ሚስቱ የሞተችበት፣ ወፍጮ ቤት ያለው ሰውዬ ነው። ኦቦ ደሬሳ አባትየው ቤት ሄደው ለመኑ። ጫማ ገዙላት። በየሳምንቱ በእኛ ሚኒባስ ይዘዋት መዞር ጀመሩ፤ የሄድንበት ሁሉ ሴቱንም ወንዱንም ጥላ ትገባለች። በመጨረሻ አንድ ደመወዝ የሚከፍል የአትሌቲክስ ክለብ አሰልጣኝ ስሬ ከተማ ላይ በሚደረግ ውድድር መጥቶ አንዲት ሴት ሯጭ ሊመርጥ መሆኑን ሰሙ። አንዲት ብቻ። ጫልቱ ከተመረጠች ክለብ ትገባለች፤ ካልተመረጠች ወፍጮ ቤት። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሁላችንም እናውቃለን።

ስሬ በማለዳ ደረስን። ጫልቱ ቁርሷን ዳቦና ሻይ በልታለች፤ እኔ ነኝ ያበላኋት። ውድድሩ በጊዜው ቢጀመር ኖሮ ይኼን ሁሉ አልጽፍም ነበር። አሰልጣኙ የነበረበት መኪና ኬላ ላይ ለፍተሻ ቆሞ ቀረና፣ «ትንሽ ጠብቁ» ተባልን። ፀሐይ ወጣች። ኦቦ ደሬሳ ተቁነጠነጡ። ማዶ ሥጋ ቤቱ ተከፍቷል፤ በሬው ተሰቅሏል።

«ልጅቷ በባዶ ሆዷ ልትሮጥ ነው እንዴ?» አሉ።

«ባዶ ሆዷን አይደለችም፤ ዳቦና ሻይ በልታለች» አልኩ።

«ዳቦ! ዳቦ ደግሞ ምግብ ነው?» ብለው እየመሩ አስገቡን።

እንግዲህ የሆነውን ስሙኝ። መጀመሪያ እሳቸው አጎረሷት። ጥሬ ሥጋ፣ ሻኛ፣ በሚጥሚጣና በቅቤ። «ኛዹ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት፤ ብዪ ልጄ። ዋጠች። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ደገሟት። ዋጠች። ከዚያ ተስፋዬ ተነሳ። «የኔንም ለመልካም ዕድል!» አላት። ይኼን ጊዜ ነገሩ እንደ ምርቃት ሆነና አረፈው! የስፖርት መምህሩ፣ ነርሷ፣ ሹፌሩ፣ ባለሥጋ ቤቱ ራሱ ቢላውን አስቀምጦ፣ ሁሉም በየተራ እየመረቀ አጎረሳት። «በርቺ!» አንድ ጉርሻ። «አሸንፊ!» አንድ ጉርሻ። «ስማችንን አስጠሪ!» ሌላ ጉርሻ። ልጅቷ ጉንጯ ተወጥሮ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከመቀመጫዋ ብድግ እያለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ትጎርሳለች። ጨዋ ቤት ያደገች ልጅ ናት፤ የታላቅ እጅ አይመለስም ተብላ ነው ያደገችው።

እኔ ጮህኩ። «ተዉ! ይኼ ሆድ ሊሮጥ ነው እኮ! ጥሬ ሥጋ ውጦ ማን ሮጦ ያውቃል?» ብዬ የኦቦ ደሬሳን ክንድ ያዝኩ። እጄ በቅቤው አዳለጠኝ። እሳቸው ሳቁ። «ኦቦሌቲ፣ አንቺ ዓለምን በማይክሮስኮፕ ነው የምታይው። ፍቅር በማይክሮስኮፕ አይታይም» አሉ። ቤቱ በሳቅ ደመቀ። ጫልቱ ብቻ አልሳቀችም፤ አፏ ሙሉ ነበር።

አሰልጣኙ ደረሰና ውድድሩ ተጀመረ። ጫልቱ ከፊት ወጣች። ሌሎቹን እያራቀች ሄዳ ከዓይናችን ተሰወረች። ስትመለስም ብቻዋን ነበረች፤ እኛ መጨረሻው ላይ ቆመን እናጨበጭባለን፤ አሰልጣኙ አንገቱን አስግጎ ያያል። አሰልጣኙ ከቆመበት ሁለት እርምጃ የማይርቀው የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ቀጥ አለች። ሆዷን ያዘች። ከዚያ አሰልጣኙ እግር ሥር ማለት ይቀላል፣ አስፋልቱ ላይ አወጣችው። ያልተላመጠ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ሚጥሚጣ። ሥራዬ ነውና ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያስጠላኝ ግን የለም። ያስጠላኝ ትውኪያው አይደለም። እያንዳንዱ ቁራጭ የማን ጉርሻ እንደሆነ ማወቄ ነው ያስጠላኝ። ሌሎቹ ሯጮች በጎኗ እያለፉ ገቡ። አሰልጣኙ ጫማውን አይቶ ፊቱን አዞረ። አንዲት የሻምቡ ልጅ ተመረጠች። የጫልቱን ስም እንኳ የጠየቀ የለም።

አሁን የምነግራችሁ ነው በሕይወቴ የማልረሳው። ኦቦ ደሬሳ ሮጡ። አዎ፣ ሮጡ፤ ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሄደው ጫልቱን ከወደቀችበት አነሷት፣ አፏን በእጅጌያቸው ጠረጉላት፣ «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» እያሉ ጎተቷትና ... ወዴት ይወስዷታል ትላላችሁ? ሥጋ ቤቱ! እዚያው መቀመጫ ላይ አስቀመጧትና «በይ፣ ሆድሽ ባዶ ሆነ» አሉ። በዚያው ባልታጠበ እጅ፣ ያንኑ ሻኛ ጠቅልለው «ኛዹ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት። ልጅቷ እንባዋ እንደ ጉድ ይወርዳል። አፏን ከፈተች። እያለቀሰች አኘከች፤ እያለቀሰች ዋጠች። ሁለተኛውን ሲደግሟት ግን ተነስቼ ወጣሁ። ደጅ ቆሜ ሚኒባሱን ተደገፍኩና እኔም አወጣሁት።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ወሬውን የጀመረው ተስፋዬ ነው። «ዓይን ነው» አለ፤ «ልጅቷን ዓይን ነው የበላት።» ይኼን ሲል ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ። ሌላውም ዞረ። ለካ ያላጎረስኳት እኔ ብቻ ነኝ! ጎጃሜ መሆኔ ሲጨመር ደግሞ ነገሩ ሞላላቸው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄደው «ሃሌ ሉያ» የሚሉ ሰዎች ናቸው እንግዲህ እኔን በቡዳ የሚጠረጥሩኝ! «ወግዱልኝ!» አልኳቸው፤ «ቡዳውስ እዚያ የፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ጥርሱን በመርፌ ይጎረጉርላችኋል!» ኦቦ ደሬሳ ዘወር አላሉም። መርፌዋን ግን ከአፋቸው አወጧት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ወደ ጉዞው አልሄድኩም። አንድ ጠዋት ላብራቶሪ በር ላይ ኦቦ ደሬሳን አየኋቸው። ሐኪም ስኳር እንዲለኩ አዝዟቸዋል። በአንድ እጃቸው የሐኪሙን ወረቀት፣ በሌላው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

«ባዶ ሆድዎን ነዎት?» አልኳቸው።

«እኔ? ባዶ ሆዴን?» አሉ፤ ከልባቸው ነው የተገረሙት። ከዚያ ፌስታሉን ፈቱት። ጨጨብሳ ነው፣ ትኩስ። ቆንጥረው ወደ አፌ! በሰገራና በሽንት ዕቃዎች መሃል፣ በአክታ መመርመሪያው አጠገብ! «አንድ ነገር ሳይነኩ እጅዎን ያውርዱ!» ብዬ ስጮህ ደጅ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አንገቱን አስገባ።

አስቀመጥኳቸውና ጣታቸውን ያዝኩ። ያን ሁሉ ዘመን የሸሸሁትን ጣት። ልወጋው ስል በአልኮል ጠረግሁት፤ ጥጡ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ሌላ ጥጥ አመጣሁ፤ እሱም ቢጫ። ሦስተኛው ላይ ነው የሰው ጣት የሆነው። ወጋሁት፣ ደሙን ወሰድኩ። እሳቸው የሚያዩት ጥጡን ነበር።

«ኦቦሌቲ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ያን ቀን፣ ስሬ ላይ ... እኔ ነኝ እንዴ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው? እርስዎ ነዎት እንጂ!»

«እምቢ ብትለኝ እኮ እተው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ‹ለኪ› ብትለኝ።» ለኪ በኦሮምኛ አይሆንም ማለት ነው።

ደሜ ፈላ። «እንዴት ብላ ነው ለኪ የምትልዎት? ጫማ የገዙላት እርስዎ፣ አባቷን የለመኑላት እርስዎ፣ ሊቀ መንበሩ እርስዎ! ጣትዎ አፏ ውስጥ ነበር እኮ! በየት በኩል አውጥታ ትናገር?»

ፌስታሉን መልሰው ቋጠሩት፣ እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ከተው ወጡ። ስኳራቸው ሰማይ ነክቶ ነበር፤ የሚበሉትን እንዲተዉ ሐኪሙ በምክርም በልመናም ነገራቸው።

ተለወጡ ብላችሁ ግን እንዳትጠብቁ። በሳምንቱ ሻምቡ ላይ ዱለት ሲያጎርሱ እንደዋሉ ተስፋዬ ፎቶ ላከልኝ። ሆዳም ሰው እንብርት የለውም ይላሉ፤ እውነት ነው ብዬ ስልኬን ዘጋሁት። ጫልቱ ትዳሩ ለጊዜው ቆየላት ሲባል ሰማሁ፤ ለምን እንደቆየላት የጠየቀም የነገረኝም የለም። ጠዋት ጠዋት በጉቴ መንገድ ላይ ብቻዋን ስትሮጥ ያዩዋታል። በመጨረሻ አሰልጣኙ ሌላ ሯጭ ሊመርጥ ነቀምት እንደሚመጣ ተሰማ። ቀኑ እሁድ ነው። ኦቦ ደሬሳ ዓርብ ሞቱ፤ ቅዳሜ ተቀበሩ።

ለቅሶው በከኒሳ ቀሴ፣ ቤታቸው ደጅ በተተከለ ድንኳን ነበር። መቼም የሬሳ ምስጋና ነውና፣ የተናገረው ሁሉ «ያላጎረሱት ሰው የለም» ይላል። አንዱ ተነስቶ ያንን ይላል፤ ሌላው ተነስቶ ያንኑ ይላል። እኔ አንጀቴ እያረረ እሰማለሁ። ስለ ስሬ ትንፍሽ ያለ የለም። ጫልቱ ከሴቶቹ በኩል፣ ጥቁር ሻሽ አስራ ተቀምጣለች። ነገ ትሮጣለች። ይኼንንም ሁላችንም እናውቃለን።

ከቀብር መልስ ምግብ ቀረበ። እጅ ማስታጠቢያው ግማሽ ድንኳን ሳይደርስ ውሃው አለቀ፤ የተጨነቀ የለም። ይኼኔ አንዲት ሴትዮ ጫልቱን አየቻት። «ውይ፣ የሳቸው ልጅ! ያሳደጓት ልጅ! እስቲ በሳቸው ፈንታ ላጉርስሽ» ብላ በቅቤ የራሰ እንጀራ ጠቅልላ ዘረጋች። ከጀርባዋ ሌላ እጅ መጣ። ተስፋዬም ዓይኑ እንደቀላ ጠቅልሎ መጣ። የስፖርት መምህሩ። ነርሷ። ወይ ጉድ! ያው እጆች፣ ያው ሰዎች፣ ሰውዬው አፈር ለብሰው እንኳ! አንገፈገፈኝ። ልጮህ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

ጫልቱ ቀደመችኝ። መዳፏን አፏ ላይ አደረገች። «ለኪ» አለች።

መጀመሪያ የሰማት የለም። «ለሳቸው ክብር እንኳ? አንዲት ብቻ» አለ ተስፋዬ፤ ጉርሻውን ወደ መዳፏ አስጠጋ።

«ለኪ!» አሁን ድንኳኑ ሁሉ ወደሷ ዞረ። ልጅቷ እጇን ከአፏ አላነሳችም። «ነገ እሮጣለሁ። የማንንም አልጎርስም።»

ሰው እርስ በርስ ተያየ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ነውር ሊባል ምንም አልቀረው። ያን ጊዜ ከፍራሹ ላይ አዴ ቦንቱ፣ የሟች ሚስት፣ ቀና አሉ።

«ተዉአት!» አሉ፤ ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቷል። «የሱ ጉርሻ እስከ ዛሬ አልወረደላትም። እሱም ያውቀው ነበር። ‹ለኪ ብትለኝ ኖሮ እተው ነበር› ይለኛል ማታ ማታ። ‹ጥፋቱ የኔ ነው› በል እለዋለሁ፤ እሱን ማለት አቃተው። ይልቅ ስልኩን ያነሳና ያንን አሰልጣኝ ይለምናል። ሰውዬው ቢሰለቸውም ይደውላል። ጉቴ እየሄደ አባቷን ‹ትንሽ ጠብቁ› የሚለውም እሱ ነው። እሷ ጋ ሄዶ ግን አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሞተ።» አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «እናንተ ደግሞ የሱን ልትደግሙላት? ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። ተስፋዬ ጉርሻውን ወዴት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆይቶ ቆይቶ ራሱ በላው።

እሁድ ጠዋት አስፋልቱ ዳር፣ መጨረሻው ላይ ቆሜ ነበር። አልዋሻችሁም፣ ስትመጣ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የመጨረሻውን መታጠፊያ እስክታልፍ አልገለጥኩትም። ስገልጠው ጫልቱ ገብታ፣ ጉልበቷን ይዛ ትተነፍሳለች። ከኋላዋ ያለችው ልጅ ገና ዳገቱ ላይ ነበረች። አሰልጣኙ መጥቶ ስሟን ጠየቃት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «ይቺ ልጅ ስሬ ላይ የነበረችው አይደለችም? ያኔ ምን ሆና ነው?» አለኝ።

«አጉርሰዋት ነበር» አልኩ።

ልቀጥል ስል ራሱን ነቀነቀ። እሱም ያገራችን ሰው አይደል፣ ገባው። «ማክሰኞ ልብሷን ይዛ ትምጣ» አለ።

አቀፍኳት። ላቧ ፊቴን አረጠበኝ፤ ግድ አልሰጠኝም። «ትሁኔ» አለችኝ ጆሮዬ ሥር፣ «አሁን ራበኝ።»

ምግብ ቤት ገባን፤ ማኅበሩም ተከትሎን ገባ። ተስፋዬ ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ቁጥሩን ከደረቱ ነቀለ፣ መርፌ ቁልፏን ከፈተና ጥርሱን መጎርጎር ጀመረ። ኤዲያ! አሁንስ ሰውዬው የሞቱም አልመሰለኝ። አንጮቴው ሲመጣ የሁሉም እጅ በልማድ ብድግ አለ፤ ሁሉም አየር ላይ ቆመ፤ ሁሉም ወደ ጫልቱ አየ። እሷ ቀና አላለችም። ተነስታ ሄዳ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ተመልሳ ተቀመጠች፣ በገዛ እጇ ቆረሰች፣ በገዛ እጇ ጎረሰች።